ከአገልግል እስከ ተማሪ ቦርሳ፦ የልጆቻችን ስንቅ ታሪክ

አዲስ ገቢ ወላጆች ልጃቸውን ትምህርት ቤት ባስገቡበት በመጀመሪያው ሳምንት ከመምህሯ አፍ ከሚሰሟቸው ቃላት አንዱ «አሩሐት ዔሴር» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «የአሥር ሰዓት ምግብ» ማለት ነው። ነገር ግን በእስራኤል አቆጣጠር ከጧቱ አሥር ሰዓት የሚባለው በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ አራት ሰዓት ነው። የእኛ አሥር ሰዓት ፀሐይ ማዘቅዘቅ የምትጀምርበት፣ ልጅ ከትምህርት ተመልሶ እቤት የሚገኝበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ የሰማች እናት «በአሥር ሰዓትማ ልጄ ቤቱ ገብቶ ይበላል፤ ምን ልቋጥርለት?» ብትል የሚያስገርም አይደለም። ልጁ ግን በዚያች የጧት ዕረፍት ጓደኞቹ ቦርሳቸውን ሲፈቱ ባዶ እጁን ይቀመጣል።

እኛ በማኅበረሰባችን መካከል የምንሠራ ማኅበራዊ ሠራተኞች (ኦቭዲም ሶጺያሊም) ወደየቤተሰቡ በምንሄድበት ጊዜ ይህ የልጆች ስንቅ ጉዳይ በተደጋጋሚ ይነሣል። አንዳንዱ ወላጅ እንጀራ በወጥ ቋጥሮ ይልካል፤ ልጁ ግን ሳይነካው መልሶ ያመጣዋል፣ አልያም መንገድ ላይ ይጥለዋል። አንዳንዱ ምን እንደሚልክ ስለሚቸግረው ሳንቲም ይሰጥና ልጁ የተጠበሰ ድንችና ጣፋጭ ገዝቶ ይውላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን «እኛ የዚህን አገር ነገር አናውቅም፤ ልጁ ራሱ ያውቃል» እያሉ ነገሩን ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ የሚተዉ ወላጆች መኖራቸው ነው። ልጅ የሚበላውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ሲጠፋ፣ የሚተኛበትንና የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስነውም ማን እንደሆነ እየጠፋ ይሄዳል።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው። የልጅን ምግብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ከእስራኤል የተማርነው አዲስ ጥበብ ነውን? ወይስ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው? ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ስንመለከት መልሱን እናገኘዋለን።

ስንቅ በአገር ቤት

በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በወልቃይት፣ በጸገዴና በሌሎችም አካባቢዎች ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ኑሯቸው በእርሻና በእጅ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የሠሩትን ለመሸጥ ሩቅ ገበያ መሄድ ግድ ነበር። በመንገድ ላይ ግን ከማንም ቤት ገብቶ መብላት አይቻልም ነበር። አባቶቻችን የንጽሕናን ሕግ አጥብቀው ስለሚጠብቁ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ምግብ አይቀምሱም። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ይሉን የነበረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ታላላቆቻችን ይናገራሉ።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ስንቅ ለምቾት የሚያዝ ነገር አልነበረም። ስንቅ ያልያዘ ሰው ወይ ይራባል፣ ወይ ሕጉን ያፈርሳል። እናቶቻችን ገበያተኛው ሳይነሣ፣ ብዙ ጊዜም ከቀናት በፊት፣ ለመንገድ የሚሆነውን ያዘጋጁ ነበር። ቆሎው ይቆላል፤ ገብሱ ተቆልቶ ይፈጭና በሶ ይሆናል፤ የተረፈው እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ሥጋ በተገኘ ጊዜ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሰቀላል፤ ዳቦ ቆሎም ይዘጋጃል። እነዚህ ምግቦች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ቶሎ አይበላሹም፣ አይፈሱም፣ ምድጃም አይፈልጉም።

መያዣው ደግሞ አገልግል ነበር። አገልግል ከሣር ተሰፍቶ በቆዳ የሚለበጥ፣ ክዳንና ማንጠልጠያ ያለው የመንገድ ምግብ መያዣ ነው። ቆዳው እንጀራው እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል፤ ክዳኑም አቧራ አያስገባም። ዛሬ ልጆቻችን በየሱቁ የሚያዩትን የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ጠጋ ብለን ስናየው የአገልግል ታናሽ ወንድም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ልጆችም ከዚህ ስንቅ ድርሻ ነበራቸው። አብዛኛው የገጠር ልጅ ውሎው ከከብት ጋር ነበር። እረኛው ልጅ ጧት ሲወጣ እናቱ ቆሎ ወይም ቂጣ ትቋጥርለታለች፤ እስኪመሽ ድረስም በዚያ ይውላል። ትምህርት ቤት ያልነበረበት መንደር እንኳ ከቤት ርቆ ለሚውል ልጅ ምግብ ቀድሞ ማዘጋጀት የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው።

ዓርብ፦ የዝግጅት ቀን

ምግብን ቀድሞ የማዘጋጀት ትልቁ ትምህርት ቤታችን ግን ሰንበት ነበር። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው እስራኤላውያን በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲሰበስቡ፣ የሚጋገረውን ጋግረው የሚቀቀለውን ቀቅለው ለማግሥቱ እንዲያኖሩ ታዘዙ። በቀረው ቀን ለነገ ያስቀመጡት መና ይሸት ነበር፤ ለሰንበት የተቀመጠው ግን አልተበላሸም። የቤተ እስራኤል ቄሶች ይህን ሕግ በጥብቅ ያስተምሩ ነበር። «ተአዛዘ ሰንበት» የሚባለው የግዕዝ መጽሐፋችንም ስለ ሰንበት ክብርና ሥርዓት የሚናገር ነው።

በመንደሮቻችን ዓርብ እንዴት ያለ ቀን እንደ ነበረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ዱቄቱ አስቀድሞ ተፈጭቶ ይቀመጣል። ዓርብ የሰንበት ዳቦ ይጋገራል፤ ወጡ ይሠራል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ልብስ ይታጠባል፤ ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ከአውሮፓ፣ ከየመን ወይም ከኢራቅ የመጡ አይሁድ ከዓርብ ጀምሮ የተጣደ ምግብ በዝግታ ሲበስል እንዲያድር ያደርጉ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን በቤት ውስጥ እሳት ማሳደር አይፈቀድም ነበርና የሰንበት ምግብ ቀዝቅዞ ይበላል። ቡናም አይፈላም።

ይህን ልብ ብለን ብናየው ትልቅ ሙያ ነው። አንዲት እናት ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለመላው ቤተሰብ የአንድ ሙሉ ቀን ምግብ፣ ከነእንግዳው፣ ቀድማ ታዘጋጃለች። የትኛው ምግብ እንደሚያድር፣ የትኛው እንደሚሻግት፣ የትኛው ቀዝቅዞ እንደሚጣፍጥ ታውቃለች። ልጆቹ ስንት ጊዜ እንደሚርባቸው አስባ ትመጥናለች። ይህን በየሳምንቱ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገች ሴት «ለልጅ ሳንድዊች ቀድሞ ማዘጋጀት አልችልም» ብትል፣ ያጣችው ችሎታውን እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ትምህርትና ስደት

ዘመናዊ ትምህርት ወደ ቤተ እስራኤል የገባው ቀስ በቀስ ነበር። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ በታምራት አማኑኤል የሚመራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1954 ሶኽኑት በአሥመራ የአዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ለትምህርት ወደ እስራኤል፣ ወደ ክፋር ባትያ ተላኩ። በጎንደር አውራጃ የአምቦበር ትምህርት ቤት የታወቀ ነበር፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1981 ድረስም ኦርት የተባለው ድርጅት በአካባቢው ትምህርት ቤቶችን ይረዳ ነበር። ልጆች ከሩቅ መንደር በእግራቸው እየሄዱ ይማሩ ነበርና የእረኛው ቋጠሮ የተማሪ ቋጠሮ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሱዳን መንገድ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ። ጉዞው በምሥጢር ስለ ነበር ዝግጅቱም በምሥጢር ነበር። ሰው ቤቱን፣ ከብቱን፣ እርሻውን ትቶ የሚይዘው ስንቁን ነበር፤ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቆሎ። ብዙዎች የተገመተው ቀን አልፎ፣ ስንቃቸው አልቆ፣ ውኃ ጠምቷቸው በመንገድና በሱዳን የስደተኞች ካምፖች ውስጥ አለቁ። ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖች ሕይወት በዚያ እንደ ጠፋ ይነገራል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ እናስባቸዋለን። የተረፉት ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው ዘመቻ ሙሴና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያ መንገድ የነበሩ እናቶች የመጨረሻዋን ጭብጥ ለልጅ ሰጥተው እነሱ ጾማቸውን ያደሩበት ታሪክ በየቤቱ አለ።

ዘመቻ ሰሎሞን የተደረገው ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ነበር። በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ዳቦ በሚጋገርበትና እሳት በሚጠፋበት ቀን ተነሥተው በሰንበት ቀን አየር ላይ ነበሩ፤ ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይሽራልና። አብዛኞቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት ብዙ ነገር አልነበረም። አገልግሉም፣ ምጣዱም እዚያው ቀረ።

ምድጃ የሌለው ቤት

እስራኤል እንደደረስን የሆነውን ማስታወስ ዛሬ ያለውን ችግር ለመረዳት ይጠቅማል። ከዘመቻ ሰሎሞን በኋላ ብዙ ቤተሰቦች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ በሆቴሎች ተቀመጡ፤ ሌሎች በሜርካዝ ቅሊታ፣ ከዚያም በካራቫን ሰፈሮች ኖሩ። በሆቴል ውስጥ ምግብ ማብሰል አይቻልም ነበር። ቤተሰቡ በሰዓቱ ወደ መመገቢያ አዳራሽ ይወርዳል፤ ያልመረጠው ምግብ ይቀርብለታል፤ በልቶ ይወጣል። ሰው አልተራበም። ነገር ግን ልጆች ምግብ ከእናት እጅ ሳይሆን ከአዳራሽ እንደሚገኝ አዩ። እናቶችም በቤት ውስጥ ዋና የነበረውን ሥራቸውንና በእሱ የሚያገኙትን ክብር በአንድ ጊዜ አጡ። አባቶችም ቢሆኑ እህል ያመጡ የነበሩ ሰዎች ሰሃን ይዘው ለመሰለፍ በቁ።

በተጨማሪም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከገቡት ወጣቶች አብዛኞቹ በዓሊያት ሀኖዓር አማካይነት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች (ፕኒሚዮት) ተላኩ። እዚያ ሦስት ጊዜ ይመገቡ ነበርና የወላጆቻቸው ስንቅ አላስፈለጋቸውም። ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ወላጆች፣ አንዳንዶቹም አያቶች ሆነዋል። በልጅነታቸው ምሳ ሲቋጠርላቸው ሳያዩ ያደጉ ሰዎች ለልጆቻቸው ለመቋጠር ቢቸገሩ ምክንያቱ ይህ ነው። የእናት ሙያ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መንገድ በመካከል ተቋርጦ ነበር።

ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በዘመቻ ጹር ይስራኤል የገቡት ቤተሰቦችም በጎንደርና በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሲጠባበቁ የቆዩ ናቸው። ገጠሩን ትተው ከተማ በኪራይ ቤት ሲኖሩ የእርሻው እህልና የዓርቡ ዝግጅት በአብዛኛው እንደ ቀድሞው አልቀጠለም። ስለዚህ መቋረጡ ለአንዳንዶች የጀመረው ገና አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ነው።

እስራኤልም ተምራለች

ብዙ አዲስ ገቢዎች የእስራኤል ሰው ሁሉ የልጅን ምግብ ነገር ከጥንት ጀምሮ ያወቀው ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። በሄንሪየታ ሶልድ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ የተመሠረተው ሐዳሳ የተባለው የሴቶች ድርጅት በ1923 በኢየሩሳሌም ለተማሪዎች የቀትር ምግብ ማቅረብ ጀመረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድህነት በዝቶ ስለ ነበር ሳይበሉ ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ብዙ ነበሩ። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ በአሜሪካ ያሉ የአይሁድ ልጆች ሳንቲም በሳንቲም ያዋጡ ነበር። ከሆላንድ በ1920ዎቹ የመጣችው የምግብ ባለሙያ ሣራ ባቭሊ ይህን ሥራ ለዓመታት መርታለች። በዚህ ዝግጅት ተማሪዎቹ ራሳቸው ያበስሉና ያስተናግዱ ነበር። ዓላማው ልጆችን ማብላት ብቻ አልነበረም፤ ልጁ በትምህርት ቤት የለመደውን ምግብ ወደ ቤቱ ይዞ እንዲሄድና እናቱን እንዲያስተምር ታስቦ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ልጅ እናቱን ያስተምር የሚለው ሐሳብ በጎ ፈቃድ ያለው ቢሆንም ዋጋ ነበረው። ከየመን፣ ከኢራቅ፣ ከሞሮኮ የመጡ እናቶች የራሳቸው ምግብ ያነሰ እንደሆነ እንዲሰማቸው ያደረገበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በእኛ ቤት የምናየው «ልጁ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም» የሚለው አስተሳሰብ ከእኛ በፊት በብዙ አዲስ ገቢዎች ቤት አልፏል።

መንግሥቱ ከተመሠረተበት ከ1948 እስከ 1951 መጨረሻ ወደ 687,000 የሚጠጉ አዲስ ገቢዎች ገብተው የአይሁድ ሕዝብ ቁጥር በእጥፍ አደገ። በ1949 የግዴታ ትምህርት ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ዶቭ ዮሴፍ በተባሉት ሚኒስትር መሪነት «ፀናዕ» የሚባለው የራሽን ሥርዓት ታወጀ፤ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ስኳርና ዘይት በካርድ ይታደል ነበር። ሥርዓቱ ጨርሶ የቀረው በ1959 ነው። ሩዝ በጠፋበት በዚያ ዘመን ኦሴም የተባለው ፋብሪካ ከስንዴ ዱቄት የተሠራ ፕቲቲም አወጣ፤ ሕዝቡም «የቤን ጉሪዮን ሩዝ» አለው። ዛሬ ልጆቻችን በጋን ደስ ብሏቸው የሚበሉት ፕቲቲም ከዚያ የችግር ዘመን የተገኘ ነው።

የትምህርት ቤቱ የቀትር ምግብ ወደ መንግሥት እጅ ከተላለፈ በኋላ እስከ 1970ዎቹ ቆይቶ ቀረ። ትምህርት ቀትር አካባቢ ስለሚያልቅ ትኩስ ምሳ በየቤቱ ይበላል፤ ለጧቱ ዕረፍት ግን ልጁ ከቤቱ ሳንድዊች ይዞ ይመጣል የሚለው ልማድ ጸና። «አሩሐት ዔሴር» የምንለው ይህ ነው። ኋላ በ1997 የረጅም ትምህርት ቀን ሕግ ወጣ፤ በ2005 ደግሞ የተማሪ ዕለታዊ ምግብ ሕግ ተደነገገ። በዚህ ሕግ መሠረት የረጅም ትምህርት ቀን ባለባቸውና በዝግጅቱ ውስጥ በተካተቱ ትምህርት ቤቶች ልጆች ትኩስ ምሳ ያገኛሉ። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ይህ የቀትር ምሳ የጧቱን ስንቅ አይተካም። ልጁ በሁለቱም መካከል ይራባልና።

ከሌሎች አዲስ ገቢዎች ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ከኢራቅ የመጡ አይሁድ በሰንበት ጧት ዓርብ የተጠበሰ ባድንጃንና የተቀቀለ እንቁላል ይበሉ ነበር። በ1960ዎቹ በራማት ጋን ይህንኑ በፒታ ውስጥ አድርገው መሸጥ ጀመሩ፤ «ሳቢኽ» ተባለ። ዛሬ የአገሩ ሰው ሁሉ ይበላዋል። የሰንበት ዝግጅት የነበረው ምግብ የሥራ ቀን ምሳ ሆነ። ኢራቃውያኑ ምግባቸውን አልጣሉም፤ መያዣውን ግን ለወጡ።

ዛሬ በቤታችን

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ምንድን ነው? ምግብን ቀድሞ ማዘጋጀት የእኛ የቆየ ሙያ ነው። የተለወጠው ሰዓቱ፣ መያዣውና ዳቦው ነው። ስለዚህ የዓርብን ጥበብ ወደ ሌሎቹ ቀናት ማምጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ሥራውን ማታ ጨርሱ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ጧት ሁሉም በሚጣደፍበት ሰዓት የሚዘጋጅ ስንቅ ወይ ይረሳል፣ ወይ ጠብ ያስነሣል። ትምህርት የሚጀምረው እሑድ ስለሆነ የእሑዱን ስንቅ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ አዘጋጁ። እንቁላሉ ማታ ተቀቅሎ ከነቅርፊቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ኪያርና ካሮቱ ታጥቦ ይቆረጥ። ቲማቲም ግን ዳቦውን ስለሚያረጥበው ለብቻው ይያዝ። ዳቦ በርከት አድርጎ ገዝቶ ወይም ጋግሮ፣ ቆራርጦ በፍሪዘር ማስቀመጥና ለማግሥቱ የሚበቃውን ብቻ ማታ ማውጣት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ለመንገድ የሚሆነውንና ለማዕድ የሚሆነውን እንለይ። እናቶቻችን ገበያ ለሚሄድ ሰው ወጥ አላስያዙም፤ በሶና ዳቦ ቆሎ አስያዙ እንጂ። እንጀራ በወጥ ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል፤ በበጋው ሙቀትም ይበላሻል። ልጁ መልሶ ያመጣው ምግቡን ስለናቀ ብቻ ላይሆን ይችላል። እንጀራው ሁሉም በአንድ ላይ ለሚቀመጥበት ለማታው ማዕድ ይቆይ። ለትምህርት ቤት ግን የድፎ ዳቦ ቁራጭ ከእንቁላል ወይም ከዓይብ ጋር፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ፍራፍሬና ውኃ ጥሩ ስንቅ ነው። ዳቦ ቆሎም ለትልልቆቹ ይሆናል። ቆሎ፣ ለውዝና ደረቅ ጥራጥሬ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ሊያንቃቸው ይችላልና። በአንዳንድ ክፍሎች አለርጂ ያለበት ልጅ ስላለ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ይከለከላል፤ መምህሯን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥጋና ወተትን በተመለከተም ብዙ ትምህርት ቤቶች ከቤት የሚመጣው ምግብ የወተት ወይም ፓርቬ እንዲሆን ይጠይቃሉ።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው የወላጅ ይሁን። ልጁን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ በባዶው መጠየቅ ሥልጣኑን ሁሉ ለእሱ መስጠት ነው። «ዛሬ እንቁላል ይሁን ወይስ ዓይብ?» ብሎ መጠየቅ ግን ልጁ እንዲመርጥ ያደርገዋል፤ የሚቀርበውን የወሰነችው ግን እናቱ ናት። አባቶችም ከዚህ ሥራ አይራቁ። እናት በፈረቃ በምትሠራበት ቤት ዳቦውን የሚቆርጠው አባት ቢሆን የሚጎድለው ክብር የለም።

አራተኛ፣ ልጅ በምግቡ ሲያፍር ዝም አንበለው። «አፍረህብን ነው?» ብሎ መቆጣትም አይጠቅምም። ማን ምን እንዳለው ረጋ ብሎ መጠየቅ፣ ካስፈለገም ከመምህሯ ጋር መነጋገር ይሻላል። በ2008 በወጣው ሕግ ሲግድ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህ በብዙ ትምህርት ቤቶች የእኛ ዳቦ ለልጆች ሁሉ ይቆረሳል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዳቦአችን በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ የኤግዚቢሽን ዕቃ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በማክሰኞ ጧት ዕረፍት፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ልጁ የእናቱን ድፎ ዳቦ አውጥቶ ሲበላ ያን ጊዜ ዳቦው ቦታውን አገኘ እንላለን።

አያቶች በቤት ካሉም ከዚህ ሥራ አትለዩአቸው። ብዙ አያቶች በአዲሱ አገር ሥራ ፈትተን ተቀመጥን ይላሉ፤ ቋንቋውን ስለማያውቁም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ነገር አጥተዋል። ማታ ከልጁ ጋር ተቀምጠው የነገውን ስንቅ ሲያዘጋጁ ግን ወሬው ይመጣል። አገልግል ምን እንደ ነበረ፣ ዓርብ እሳቱ እንዴት ይጠፋ እንደ ነበረ፣ ወደ ሱዳን ሲሄዱ ምን እንደ ቋጠሩና ማን ያን ስንቅ እንዳዘጋጀው ይነግሩታል። ልጁ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሐፉ ውስጥ በጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚያገኘው፤ በቤቱ ግን ሙሉውን ሊሰማው ይችላል።

በትምህርት ቤታችሁ የረጅም ትምህርት ቀን ምግብ መኖሩን፣ የወላጅ ክፍያውም ስንት እንደሆነ፣ መክፈል ለሚቸግረው ቤተሰብም ቅናሽ መኖሩን ለማወቅ የትምህርት ቤቱን ጽሕፈት ቤት ወይም በአካባቢያችሁ ያለውን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ። መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።